ስለ ልሳን የጠየቀችን እኅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዓለ ጰራቅሊጦስን አክብረን ጾመ ሐዋርያትን በጀመርንበት በዚህ ሰሞን አንዲት እኅት ወደ በኣታችን መጥታ የጠየቀችንን ልንጽፍላችሁ ወደድን። ነገሩ በኑዛዜ የተነገረ አይደለም፤ ስሟን ሳንጠራ እንድንጽፈውም ፈቅዳልናለች።

እኅታችን በሳዑዲ ዓረቢያ በሪያድ ከተማ፣ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈር፣ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ስታገለግል ኖራለች። የተመለሰችውም በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው በገቡበት ጊዜ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አይታነጽም፣ ደወልም አይሰማም፤ ክርስቲያን ተሰብስቦ ቢጸልይ በስውር ነው። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ ከተማ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ ከእነርሱም 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ከወራት እስር በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወሬው በሪያድ ሲሰማ በየቤቱ ያለው ሁሉ ፈርቶ እንደ ነበር እኅታችን ነግራናለች።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዕረፍት ባገኘችበት ዓርብ፣ የአገሯ ልጆች ወደሚጸልዩበት ክፍል ወሰዷት። በሩ ተዘግቶ በሥሩ ጨርቅ ተወትፎበታል፤ ጎረቤት እንዳይሰማም ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተከፍቷል። የተሰበሰቡት በልሳን መጸለይ ጀመሩ። እርሷ ቆማ ጠበቀች፤ ከአፏ አንዳች አልወጣም። ሲጨርሱም አንዱ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «መንፈስ ቅዱስ ገና አልወረደልሽም» አላት። ይህን ቃል ይዛ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረች። ወደ እኛ የመጣችውም ይህንኑ ይዛ ነው።

«አባ፣ እኔ መንፈስ ቅዱስ የለኝም ወይ? ስድስት ዓመት ሙሉ የጸለይሁት ጸሎትስ ወዴት ሄደ?» አለችን።

«እንዴት ነበር የምትጸልዪው ልጄ?» ብለን ጠየቅናት።

«በጓዳ ሆኜ፣ የቧንቧውን ውኃ ከፍቼ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስሁ ነበር። ድምፅ አላወጣም።»

ወዲያው አልመለስንላትም። «ዛሬ ዕረፊ፤ ነገ ከኪዳን በኋላ ተመለሺ» ብለን ሰደድናት። ያዘገየንበትን ምክንያት ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ወጣት እንደዚሁ ስለ ልሳን ጠይቆን ነበር። ያን ጊዜ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት የወጣንበት ዘመን ቅርብ ነበርና በዕውቀታችን እንመካ ነበር። «ይህ የመናፍቃን ነገር ነው፤ ዳግመኛ አትጠይቅ» ብለን አፉን ዘጋነው። ወጣቱ እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ በደጃችን አልታየም። በክርክሩ የረታን መሰለን፤ ሰውየውን ግን አጣነው። እኅታችን ስትጠይቀን የታየን የእርሱ ፊት ነው።

በዚያች ሌሊት የሐዋርያት ሥራን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ከቆሮንቶስም መጀመሪያይቱ መልእክት ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አራት ያለውን፣ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነን አነበብን። በማግሥቱም ከዋርካው ሥር ተቀምጠን የሚከተለውን ነገርናት።

በመጀመሪያ፣ በጽርሐ ጽዮን ለሐዋርያት የተሰጠው ልሳን የሚሰማ ልሳን ነው። ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የመጡት ሕዝቦች እያንዳንዳቸው የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በተወለዱበት ቋንቋ ሰሙ። ቅዱስ ሉቃስ ከጳርቴና ከሜድ ጀምሮ ሕዝቡን በስም ይቆጥራል፤ በቆጠራው መጨረሻ የሚጠሩትም የዓረብ ሰዎች ናቸው። በባቢሎን ግንብ ጊዜ ሰውን ከሰው የለየው ቋንቋ፣ በዚያ ቀን ሰውን ወደ አንድ ወንጌል የሚጠራ ሆነ።

ሁለተኛ፣ የቆሮንቶስ ሰዎች ልሳን ተሰጥቷቸው ሳለ እርስ በርሳቸው ይታበዩበት ነበርና ሐዋርያው ሥርዓት ሠራላቸው። ስጦታው ከመንፈስ ቅዱስ መሆኑን አልካደም፤ እንዳይከለከልም አዘዘ። ነገር ግን ሁሉ በልሳን እንደማይናገር፣ ስጦታው ለእያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ እንደሚከፈል አስረዳ። በጉባኤ የሚናገሩት ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ፤ በተራም ይናገሩ፤ የሚተረጉም ይኑር፤ ተርጓሚ ከሌለ ግን ያ ሰው ዝም ብሎ ለራሱና ለእግዚአብሔር ይናገር አለ። እርሱ ራሱም በማኅበር መካከል ሌላውን የሚያስተምሩ አምስት ቃላትን ከማይታወቁ እልፍ ቃላት አብልጦ እንደሚወድድ ተናገረ። ፍቅር የሌለው ልሳን ደግሞ የሚጮኽ ናስ ነው።

ሦስተኛ፣ አባቶች ስለዚህ ስጦታ በየዘመናቸው ያዩትን ጽፈዋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሬኔዎስ በመንፈስ ቅዱስ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወንድሞች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የተነሣው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ፣ ነገሩ በእርሱ ዘመን ስለ ቀረ፣ ይህን የመልእክት ክፍል መተርጐም እንደሚከብድ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ግን በሁለቱም ዘመን መንፈስ ቅዱስ አልተለያትም።

በዘመናችን የልሳን ጸሎት የተስፋፋው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከተነሣው እንቅስቃሴ ወዲህ ነው። ወደ አገራችን ገብቶ በተማሪዎች መካከል ተሰማ፤ የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንም በ1959 ዓ.ም. ተመሠረተች። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ይጸልያሉ። እኛ በሥርዓተ ጸሎታችን ይህን አንይዝም። በዚያ በተዘጋ ክፍል እስርን ሳይፈሩ በጸለዩት ሰዎች ላይ ግን ለመሳለቅ አፋችንን አንከፍትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄዋ መለስናት። «ክርስትና የተነሣሽው መቼ ነው?» አልናት። «በሰማንያ ቀኔ» አለች። «በዚያ ቀን ካህኑ ሜሮን ቀብቶሻል፤ መንፈስ ቅዱስን የተቀበልሽው ያን ጊዜ ነው። ሕፃን ነበርሽና ከአፍሽ የወጣው ልቅሶ ብቻ ነበር። ስጦታው ግን በልቅሶሽ አልተከለከለም፤ በዝምታሽም አልተወሰደም» አልናት።

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና እኛን ራሳችንን የሚይዝ ጥያቄ አመጣች። «አባ፣ አይቆጡኝ። እናንተ በግእዝ ስትቀድሱ እኔ አይገባኝም። ያስ ልሳን አይደለም ወይ?»

መልስ አለን። ግእዝ ሰዋስው ያለው፣ መምህር ያለው፣ መጻሕፍት የተጻፉበት ቋንቋ ነው። ሊቃውንቱም «አንድም» እያሉ የንባቡን ምሥጢር በአማርኛ ሲያፈስሱ ኖረዋል፤ ተርጓሚ ይኑር ያለው ሐዋርያ ቢያይ ጉባኤያቸውን ይወድድ ነበር። ይህን ሁሉ ልንነግራት ጀምረን በመካከሉ ዝም አልን፤ ልጅነታችን ትዝ አለን።

ዳዊት ስንደግም ሰባት ዓመታችን ነበር። ንባቡን ተነሽውን ከወዳቂው ለይተን እናወርደዋለን፤ ምን እንደምንል ግን አናውቅም። ምሥጢሩ የተገለጠልን ቅኔ ቤት ከገባን በኋላ ነው። እናታችን ግን ቅኔ ቤት አልገባችም። ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ቆማ «አሜን» ስትል ኖረች፤ ለምን አሜን እንደምትል የነገራት ሰው ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን። እኛም ልጇ ሆነን፣ ተምረን፣ ተቀምጠን አልነገርናትም። በሰሞነ ሕማማትም ኪርያላይሶን፣ ናይናን፣ ታኦስ እያልን ከምእመናን ጋር እንሰግዳለን። ቃላቱ ከጽርእና ከቅብጥ የመጡ ናቸው፤ ኪርያላይሶን «አቤቱ ማረን»፣ ናይናን «ማረን»፣ ታኦስ «አምላክ» ማለት ነው። ከሚሰግደው ሕዝብ ስንቱ ይህን ሰምቷል? ያልተማረው ሰው ያልገባውን ጸሎት እንዴት አሜን ይላል ብሎ ሐዋርያው የጠየቀው ጥያቄ በቆሮንቶስ የቀረ አይደለም፤ ከቅኔ ማሕሌታችንም ደርሷል።

ስለዚህ እኅታችንን «እውነት ብለሻል፤ ቋንቋው አልበደለሽም፤ ሳንተረጕምልሽ የቀረን እኛ በድለንሻል» አልናት።

ከዚያም ስለ ሐና ነገርናት። ሐና በሴሎ ልጅ ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ አይሰማም። ሊቀ ካህናቱ ዔሊ አይቷት የሰከረች መሰለው። በበዓለ ኀምሳም ሐዋርያት በብዙ ቋንቋ ሲናገሩ የሰሟቸው አንዳንዶች ሰክረዋል ብለው ዘበቱባቸው፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ገና ከቀኑ ሦስት ሰዓት እንደ ሆነ አስረዳ። ሐና በዝምታዋ፣ ሐዋርያት በንግግራቸው፣ ሁለቱም በሰካራም ተጠረጠሩ፤ እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ሰማ። ቅዱስ ጳውሎስም እንዴት እንደምንጸልይ ባናውቅ መንፈስ ቅዱስ ራሱ በቃል በማይነገር መቃተት እንደሚለምንልን ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። «በቧንቧው ድምፅ ሥር የጸለይሽው ጸሎት ከሐና ጸሎት ጋር ይቈጠራል» አልናት።

ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋም ስለዚያ ቤት አሮጊት አጫወተችን። የቤቱ እናት ታመው አልጋ ሲይዙ የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ ሌሊት ሲፈሩ የምታባብላቸው እርሷ ነበረች። «ዓረብኛ የተማርሁት በአልጋቸው ዳር ነው» አለች። እኛም በጰራቅሊጦስ ቆጠራ መጨረሻ የተጠሩትን ሕዝብ አሰብን። የሌላውን ሰው ቋንቋ ለማጽናናት መማር ከፍቅር የተገኘ ነውና፣ እንደ ናስ አይጮኽም አልናት።

ለመሰናበት ስትነሣ «አሁን በአገርሽ ነሽ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጸልዪ» ብንላት «አባ፣ ልማዱ አልለቀቀኝም፤ አሁንም ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» አለችን። «እንደ ለመድሽው ጸልዪ» ብለን በመስቀል ባርከን ሸኘናት።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ እንግዶች በሚገኙበት ዕለት ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ የዕለቱ ምስባክና ምንባብ በአማርኛ ተተርጕሞ ይነገር ዘንድ ለማኅበሩ አመልክተናል፤ ተራውን ለመጀመር እኛ ፈቃደኞች ነን። ተሳላሚዎች ሆይ፣ ያልገባችሁን ጠይቁን። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጠይቆን ያሳዘንነው ወንድምም፣ ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢደርስ፣ ይቅር ይበለን፤ ዛሬም መጥቶ ቢጠይቀን ከዋርካው ሥር ተቀምጠን እንሰማዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።