ወርቅ፣ ብር፣ ብረት

መተማ ዮሐንስ በጥቅምት ወር በሰው ትጨናነቃለች። ሰሊጥ የሚታጨደው ያኔ ነው። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለመሬቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት አጫጅ ይፈልጋል። ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎ፣ እዚያ "ሳሉግ" የሚሉት የጉልበት ሠራተኛ ማጭዱን በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ቆላው ይወርዳል። እሑድ እሑድ ከተማው የእሱ ነው።

ከእነዚያ እሑዶች አንዱ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። የባለቤቴ አጎት ኮኪት አካባቢ ሰሊጥ ያርሳሉ፤ እሳቸውን ለመጠየቅ ወርጄ፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ አብረን ተቀመጥን። ማራገቢያው ሁለት ነው፤ የሚዞረው አንዱ ነው። በግራ በኩል እኛ፣ በቀኝ በኩል ከገላባት በእግራቸው ተሻግረው የመጡ ሱዳናውያን። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ሱዳን ይጫወታሉ። ጳጉሜን 3 ቀን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈናል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ መተማ ላይ ያለ ሰው የቻለውን ቀልድ አዲስ አበባ ያለ ሰው አያውቀውም። ሻይ ስትጠጣ አምስት፣ ብር ስትመነዝር አምስት፣ ሰላምታ ስትሰጥ አምስት ጣት!

አዳነ ግርማ አንድ አገባ፤ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። 2 ለ 0። በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ መናገር አልችልም። አግዳሚው ተገለበጠ፤ የማላውቀው ሳሉግ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። የሰማሁት አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሰው ሁሉ የሚጠራው የአግቢዎቹን ስም አልነበረም። "ሰውነት! ሰውነት አባታችን!" ነበር የሚለው።

እኔም ብያለሁ። የምጽፈው ስላልኩ ነው።

ምክንያቱም ከዓመት በፊት፣ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ፣ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድኑን እንዲይዙ ሲሾሙ ያልኩት ሌላ ነበር። ከሳቸው በፊት ኢፊ ኦኑራና ቶም ሴንትፊት የተባሉ ሁለት የውጭ ሰዎች በየተራ መጥተው፣ አንዳቸውም ዓመት ሳይሞላቸው ሄደዋል። ሰውነት ቡድኑን ከዚያ ቀደምም ይዘውት ስለነበር፣ የመምህራን ሻይ ቤት ውስጥ "የተጣደውን ድስት አውርዶ መልሶ መጣድ" ብዬ ቀለድሁ። ሰው ሳቀልኝ። ያኔ ያልገባኝ፣ የሳቅሁት በሰውየው ሳይሆን ገና ባላየሁት ሥራ ላይ መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል እኔ ውጤቱን አውጥቼ ጨርሻለሁ።

ጎንደሮች ስለ እንግዳ የሚሉት ተረት አለ፤ ሌላውም አገር ይለዋል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት። ለአሰልጣኝም እንዲሁ ነን። ሰውነት በጥቅምት ወርቅ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ ወርቁ ጨምሮ አበራ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ አራት አገባብን፣ ናይጄሪያ ሁለት፤ ብር ሆኑ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አሸንፈን መልሰን ወርቅ አደረግናቸው፤ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ሲቀነስብን መልሰን አዋረድናቸው። ሆኖም ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖች ውስጥ ገብተን፣ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን። በ2006 ዓ.ም. ጥር ደግሞ አገር ውስጥ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን። ብረት! ብዙም ሳይቆይ ተሰናበቱ። እኔም "ይበቃቸዋል" አልኩ፤ አባታችን ያልኩት ሰውዬ ያው እኔው ነኝ።

እዚህ ላይ ወደዚያ ቴሌቪዥን ቤት ልመለስ። ሰው እየጮኸ ሳለ በቀኝ በኩል ከተቀመጡት ሱዳናውያን አንዱ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሽማግሌ፣ ከቦታው አልተነሳም ነበር። በተሰባበረ አማርኛ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። የባለቤቴ አጎት ሊያጽናኑት ፈልገው "እንግዲህ አሰልጣኛችሁን ታባርራላችሁ" አሉት። ሰውየው ገረመው። "ማዝዳን? ለምን? ማዝዳ ነገም ማዝዳ ነው" አለ። ማዝዳ የሚሉት መሐመድ አብደላን ነው፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሱዳንን ሩብ ፍጻሜ ያደረሰው እሱ ነበር። በእርግጥም ያ ሽንፈት ሥራውን አላሳጣውም። ያን ዕለት ሽማግሌውን "አይ የዋህ" ብዬ አለፍኩት።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ተመልሼ ወረድኩ። ያው ቤት፣ ያው ማራገቢያ፤ አሰልጣኙ ግን አዲስ ነበር። ከሰውነት ቀጥሎ የተሾሙት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ናቸው፤ ከዓመታት በፊት የጋናን ብሔራዊ ቡድን የያዙ ሰው። ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ይነታረካል። ገሚሱ "ፈረንጅ ነው ዲሲፕሊን የሚያውቀው፣ ዘመድ የለውም፣ አያዳላም" ይላል። ገሚሱ "የእኛን ልጅ ጠባይ ፈረንጅ ምን ያውቃል? ሰውነት ይሻል ነበር" ይላል። ልብ በሉ፤ "ሰውነት ይሻል ነበር" የሚለው ያው ከስምንት ወር በፊት "ይውረድልን" ሲል የነበረው ሰው ነው። ተረቱ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት፤ ሲሄድ ደግሞ መልሶ ወርቅ!

የባለቤቴ አጎት ክርክሩን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"መምህር፣ እኔ በአምስት ዓመት አራት ወኪል ቀይሬያለሁ።"

"የምን ወኪል፣ ጋሼ?"

"የእርሻ ነዋ። ሠራተኛውን የሚቆጣጠር፣ ሰሊጡን የሚያስጭን። ምርት ባነሰ ቁጥር አባርራለሁ። አዲሱ ሲመጣ በግ አርዳለሁ። ምርቱ ግን ያው ነው።"

"ታዲያ ምክንያቱ ምን ሆነ?"

"መሬቱ ነዋ። ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ፣ ዓመት በዓመት፣ ሳላሳርፈው። ወኪሉን ማባረር አንድ ቀን ይፈጃል፤ መሬቱን ማሳረፍ ሦስት ዓመት።" ሳቁ። "እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ።"

ባሬቶም አልሰነበቱም። ማሊን ባማኮ ላይ 3 ለ 2 አሸንፈን አንድ ሰሞን ወርቅ ሆኑ፤ ማጣሪያውን ግን አላለፍንም። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ ሄዱ፤ ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፤ በግ ታረደ።

የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሥራ ምን እንደሆነ ረጋ ብለን ያሰብንበት አይመስለኝም። ተጫዋቹን የሚያገኘው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ልጁ ኳስ መቆጣጠርን የተማረው ወይም ሳይማር የቀረው በ12 ዓመቱ፣ በሰፈሩ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ቤት ተሠርቶበታል። አቅሙን የሚገነባው ክለቡ ነው። ጨዋታውን የሚያመቻቸው ፌዴሬሽኑ ነው። አሰልጣኙ የሚደርሰው ልክ እንደ ሳሉጉ ለአጨዳ ነው። ያልተዘራ ቢያጣ ማጭዱ ይሰበርበታል። እንዲያውም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የምናጭድበት ሜዳ እንኳ አልነበረንም። የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ተብሎ፣ ከጋና ጋር "በሜዳችን" የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ያ የማይረሳ "የሜዳችን" ድል ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው።

ያን ድል ያመጡት ውበቱ አባተ ናቸው። ስለሳቸው ቆላው ውስጥ የሚወራው ለየት ይላል፤ በ2011 ዓ.ም. ፋሲል ከነማን ይዘው የኢትዮጵያ ዋንጫን ስላስገኙ፣ ከጎንደር እስከ መተማ የሚዘልቀው የዐፄዎቹ ደጋፊ እንደ ቤተሰብ ያያቸዋል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲሾሙ አጎት ስልክ ደውለው "የእኛ ሰው ነው፣ ዘንድሮ አለቀ!" አሉኝ። መሬቱን ረስተውታል። በዚያው ዓመት መጋቢት ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ካሜሩን ላይ ከምድባችን ሳንወጣ ቀረን። በ2015 ዓ.ም. እሳቸውም ተለያዩ። አጎት አሁንም ደወሉ። "እኔ ድሮም አላመንኩትም ነበር" አሉ። እንዲህ ነን።

ፈራጅ መስዬ እንዳልቀር የራሴን ልናገር። ወጣት ሆኜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ስጀምር የተተካሁት ተማሪዎች የሚያመልኩት መምህር ቦታ ላይ ነበር። እሳቸው ግጥም በቃላቸው ይዘው ክፍሉን እየዞሩ ያስተምራሉ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ አቀርቅሬ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፈተናው ቀላል ይሆናል ብለው ይሆናል፣ አጨበጨቡልኝ። በአምስተኛው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ፤ "የድሮው ይሻላል" ይላል። ያን ሌሊት ሥራውን ልለቅ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ያስቀረችኝ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት። "መምህር፣ የድሮውንም በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ብለዋቸው ነበር" አለችኝ። ቆየሁ። በሦስተኛው ዓመት ላይ ነው አስተማሪ የሆንኩት፤ ማስታወሻዬን የጣልኩትም ያኔ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቼ ስለቅ ደግሞ የተካኝ ልጅ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አግኝቷል። "የድሮው" እኔ ነበርኩ።

ደብዳቤውን ባስገባው ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ወርቅ ያመጣል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። የሦስተኛውን ዓመት መምህር ግን ማንም ሳያየው ይቀር ነበር። እኛ ኳስ ተመልካቾቹ የሦስተኛ ዓመት አሰልጣኝ አይተን የምናውቀው ስንቴ ነው?

አሁን መተማ ከወረድኩ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ ሱዳን ውስጥ በተቀሰቀሰው ጦርነት፣ ያ ቀልድ ይሻገርበት የነበረው ድንበር የተሰደደ ሕዝብ መሻገሪያ ሆነ፤ እኛም ጋ ያለው መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። ጀለቢያ ለባሹ ሽማግሌ የት እንደደረሰ አላውቅም። አገሩ ግን በ2016 ዓ.ም. መግቢያ፣ በጦርነቱ መሐል፣ አዲስ አሰልጣኝ ሾመች፤ ጋናዊውን ክዌሲ አፒያህን። የአገር ውስጥ ውድድሩ ቆሞ ነበር፣ የካርቱም ስታዲየሞች ዝም ብለው ነበር፣ ታላላቆቹ ሂላልና መሪኽ ሞሪታኒያ ሄደው በሰው ሊግ ተጫውተዋል። ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳውን" ጨዋታ ቤንጋዚ፣ ሊቢያ ላይ ጭምር ያደርግ ነበር። ያ ቡድን ጋናን፣ የአሰልጣኙን የራሱን አገር፣ ወደ ኋላ አስቀርቶ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ እንዲያ ብል ያው "አባታችን" ማለቴ ነው። ነገር ግን ሁሉን ያጣ ደጋፊ አሰልጣኙን ለመቀየር የሚቸኩል አይመስለኝም። "ማዝዳ ነገም ማዝዳ ነው" ያለው ሰውዬ የዋህ አልነበረም።

ባለፈው ጊዜ አጎት ደወሉልኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሰሊጡን ልጃቸው ነው የሚያሳርሰው፤ አንዱን ማሳ በዚህ ዓመት በማሽላ ቀይሮ እንዳሳረፈው በኩራት ነገሩኝ። ከዚያ እንደተለመደው ወደ ኳሱ ዞሩ።

"እንዴት ነው፣ መምህር፣ ከእንግዲህ የሚመጣው አሰልጣኝ ያዋጣን ይሆን?"

ድሮ ቢሆን የማይሆንበትን አሥር ምክንያት እደረድርላቸው ነበር።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ብረት ይሁን" አልኳቸው። "ማረሻ የሚሆነው ብረቱ ነው። በወርቅ ያረሰ ገበሬ አላየሁም።"

ጥቂት ዝም አሉ።

"እሱስ ልክ ነህ" አሉ። "ግን እስኪሆን ታቆዩታላችሁ?"