የነጥብ ቁጠባ

በተማሪነታችን ዘመን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን «ካርታ ስላችሁ ኑ» ሲሉን መላው ቀላል ነበር። መጽሐፉን ከመስኮት መስታወት ላይ አስደግፎ፣ ነጭ ወረቀት ደርቦ፣ ብርሃኑ የሚያሳየውን መስመር በእርሳስ መከተል ነው። ዓባይም ኒጀርም ከእኔ እጅ የወጡት በዚህ ዘዴ ነው። እናም ባለፈው ክረምት የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ አንዲት የደበዘዘች ሥዕል በስልኳ ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይቺን ለግድግዳዬ አሳድግልኝ» ስትለኝ፣ ነገሩ ያው የመስኮቱ ሥራ መሰለኝ። ደግሞስ እንጀራዬ ባነርና ማስታወቂያ መሥራት አይደለም እንዴ! ለማግስቱ ቃል ገባሁላት።

ሥዕሏ ቺሂሮ ናት፤ ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ያቀረበው «ስፒሪትድ አዌይ» የተሰኘው የጃፓን አኒሜ ፊልም ባለታሪክ፣ የአሥር ዓመት ልጅ። እናትና አባቷ ባልተጋበዙበት ማዕድ ሆዳቸውን ሲከተሉ አሳማ ሆነው ይቀሩባታል። ልጄ እሷን መምረጧ ለእኔ የተላከ መልእክት ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኋትም። በዚያ ሰሞን ንግግራችን የእኔ «አጥኚ» እና የእሷ «እሺ» ብቻ ሆኖ ነበር።

ትንሽ ሥዕል እንዲሁ ቢለጠጥ የፒክስል ጥርስ ያወጣል። ቬክተር ግን መስመሩን በሒሳብ ስለሚይዘው፣ ቴምብር የሚያክለው ግድግዳ ቢያክልም አይደበዝዝም። ስለዚህ ኢንክስኬፕ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ «ራስህ አስምረው» ብዬ አዘዝኩት። በቅጽበት ጨረሰ። ልጄ አየት አደረገችና «ይቺ ቺሂሮ አይደለችም» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

እውነቷን ነው። ማሽን ብዥታውንም መስመር ብሎ ቆጥሮ፣ የልጅቷን ጉንጭ በነጥብ መዓት ፈንጣጣ አስመስሎት ነበር።

በእጅ ጀመርኩ። ዋናውን ሥዕል ከታች አንጥፌ፣ አደብዝዤ፣ እንዳይንሸራተት ቆለፍኩት። ከላዩ ባለው ንጣፍ ላይ በብዕሩ መሣሪያ ማስመር ነው። ይህ ብዕር የሚያወጣው ቅስት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሬኖ የመኪና አካል ለመንደፍ ከተጠቀመበት ከመሐንዲሱ ፒየር ቤዚየ ነው። ነጥብ ትተክላለህ፣ ከነጥቡ የሚወጡትን እጀታዎች ስትጎትት መስመሩ ይታጠፋል። እኔም በአገጯ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ተከልኩ። አገጯ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ስምንቱን ነቅዬ ሦስት ብቻ፣ መስመሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ስተው ጊዜ ረጋ።

ሌላም ተማርኩ። የአኒሜ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት የለውም። ከእርሳስ የተወለደ ነውና እጅ በተጫነበት ይወፍራል፣ በለቀቀበት ይሰላል። ስለዚህ የጠጉሯን መስመር ሁለቱንም ጠርዝ አስምሬ፣ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘግቼ ጥቁር ሞላሁት። ቀለሙን ደግሞ ከመስመሩ በታች ለብቻው ንጣፍ ሰጥቼ፣ ነጭ ክፍተት እንዳይታይ በጥቂቱ ከመስመሩ ሥር አስገባሁት። ዓይኗ ግን አስቸገረኝ። የብርሃኗ ነጥብ በፀጉር ስፋት ብትዛነፍ ልጅቷ ሌላ ሰው ታያለች። እየቀረቡ መሥራት፣ እየራቁ ማየት ነው መድኃኒቱ።

በሦስተኛው ሌሊት ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ልጄ ቆማ ታያለች።

«አባዬ፣ አፏ ላይ ነጥብ አበዛህ።»

ወንበሩን ለቀቅኩላት። ማውሱን ይዛ ሁለት ነጥብ አጠፋች፣ አንዱን እጀታ ጎተተች። ያኮረፈው አፍ ዝም ብሎ የሚያስብ አፍ ሆነ። ለካ እኔ ስከተል የነበረው መስመሩን ነው፣ እሷ ግን ልጅቷን ታውቃታለች። ነጥብ ያበዛሁት በሥዕሉ ላይ ብቻ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

ሥዕሉ ዛሬ አልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል። አንድ ደንበኛዬ አይቶት በካኔተራ አትመን እንሽጠው ቢለኝ እንቢ አልኩት። መስመሩ የሌላ ሰው ነው፣ ለእኛ ለመማሪያ ይበቃናል።

ያን ሌሊት ግን ቀለሙን አብረን ስንሞላ የፊልሙን መጨረሻ ጠየቅኋት።

«አሳማዎቹን ደርድረው እናትና አባትሽን ለዪ ይሏታል» አለችኝ።

«ለየቻቸው?»

«እዚህ ውስጥ የሉም አለች። ልክ ነበረች።»