በሥራ ሳምንት መካከል የወንዝ ዕረፍት፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር

ሰው ከሳምንቱ ሰባት ቀን አምስቱን ለመሥሪያ ቤቱ፣ የቀሩትንም ለቤቱ፣ ለዘመዱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለለቅሶው ካካፈለ በኋላ ለራሱና ለልጆቹ የሚሆን ጊዜ አጣሁ ብሎ ማማረሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዓሣ ለማጥመድ ወይም ከከተማ ወጥቶ በድንኳን ለማደር የሚመኝ ሁሉ ምኞቱን ለዓመት ፈቃዱ ያቆየዋል። የዓመት ፈቃዱም በደረሰ ጊዜ ወይ ክረምት ይሆናል፤ ወይ ቤት ማደስ ይመጣል፤ ወይም ሠርግ ይጠራዋል። በዚህ መካከል ልጆቹ በሰፈራቸው አጠገብ የሚወርደውን ወንዝ ከድልድይ ላይ ብቻ እያዩ ያድጋሉ።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። አገሩ የወንዝ አገር ነውና፤ ረጅም ፈቃድ ሳይጠብቅ በአንድ የሥራ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውኃ ዳር ወጥቶ ሊመለስ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማሳየት ነው። ይልቁንም ጊዜ የጠበበበት ሰው ስለ ቸኮለ ብቻ ወንዙን እንዳያስጨንቅ ለማሳሰብ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በጅጋ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ፥ ቀድሞ ወጀት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። የከተማይቱ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከዚያም በማንኩሳ በኩል አልፎ ቡሬ ይገባል። በዚህ ሁሉ አገር ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም የሚባሉት ወንዞች ከደጋው እየወረዱ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ላህ ለፍኖተ ሰላም፣ ፈጣምም ለቡሬ የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሁሉም በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይጠቃለላሉ።

ከዚሁ ከጎጃም ደጋ፥ ሰከላ ላይ፥ ግሽ ዓባይ ይፈልቃል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያዩት ምንጭ ይህ ነው። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ እንደ ሌሎቹ ወደ ደቡብ አይወርድም፤ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። ዓባይም በባሕር ዳር ከጣና ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ወድቆ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ከዞረ በኋላ ከቡሬ በታች ያልፋል። በዚህ አኳኋን ደጋውን በሰሜን የለቀቀው ውኃና በደቡብ የለቀቁት ብርና ፈጣም በሸለቆው ውስጥ እንደ ገና ይገናኛሉ። ይህን ለልጅ እየነገሩ በፈጣም ዳር መቀመጥ የጂኦግራፊ ትምህርት መሆኑን ማን ይክዳል?

በዚህ አገር ሥራውን ሳይለቅ ብዙ ጉዞ ያደረገ ሰው ታሪክም አለ። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከቡሬ በስተ ሰሜን በምትገኘው በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ነበሩ። በቆንሲልነታቸው ዘመን በቅሎ እያስጫኑ፣ ድንኳን እያስተከሉ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ መረመሩ፤ ያዩትንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተሙ። ሥራውን በአንድ ረጅም ጉዞ አልፈጸሙትም፤ ዛሬ አንዱን ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ክፍል እያሉ በየዓመቱ ቀጠሉት እንጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ያገራችን ተረት እዚህ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንመለስ። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፥ ቀኑ በበጋና በክረምት ብዙ አይለዋወጥም። በታኅሣሥ እንኳ ፀሐይ ከ12 ሰዓት በፊት አትጠልቅም። ስለዚህ በ11 ሰዓት ተኩል ከሥራ የተለቀቀ ሰው ብርሃን ሳይጠፋ ወደ ቅርቡ ወንዝ ለመድረስና ጥቂት ለመቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው ጉዞ ማክሰኞ ማታ ይሁን። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው መንጠቆ፣ ክር፣ ትንሽ የእርሳስ ክብደትና አንድ የቀርከሃ ዘንግ ነው። ቀርከሃው ከእንጅባራ በኩል በብዛት ይገኛል። ለመሳቢያው የምድር ትል፣ ፌንጣ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይበቃል። ይህ ሁሉ ከዋዜማው በአንድ ቅርጫት ተሰናድቶ ከበሩ ኋላ ካልተቀመጠ ግን፥ አጭሩ ሰዓት ዕቃ በመፈለግ ያልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ የሐሙስ ንጋት ነው። ዓሣ በማለዳና በምሽት ምግቡን አጥብቆ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ዳር የተገኘ ሰው የቀትሩን ሰነፍ ሰዓት ከሚጠብቅ ይልቅ ይቀናዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዘንጉን ጠቅልሎ ቢነሣ፥ ታጥቦና ቁርሱን በልቶ በሥራው ሰዓት ይገኛል። ረቡዕን የተውነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ቀን ዓሣ ከማይበላበት ቤት የተያዘው ዓሣ እስከ ማግሥቱ መቈየት አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበትም ቤት መበላሸቱ ነው።

ሦስተኛው ጉዞ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ የሚሆነው የድንኳን አዳር ነው። ዓርብ የጾም ቀን ስለ ሆነ ስንቁን ያቀለዋል፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ሽሮ ለእራት ይበቃሉ። ሌሊቱን አምባዛ ይንቀሳቀሳልና የታገሠ ሰው ለቅዳሜ ቁርስ የሚሆን ሊያገኝ ይችላል። እሑድ ግን ለቤተ ክርስቲያንና ለቤት ይቅር። ዕረፍት ሌላውን ግዴታ የሚሽር ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት የሚፈቅድለት አያገኝም።

እዚህ ላይ የቤቱን እመቤት ነገር ማንሣት ይገባል። አባወራው በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ወንዝ ሲሄድ፥ ልጅ ማጠብ፣ እራት ማቅረብና ከብት ማስገባት በእርስዋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ የእርሱ ዕረፍት በእርስዋ ድካም የተገዛ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጉዞ አንዱ እንኳ የቤተ ሰብ ሁሉ ይሁን፤ ዘንጉም በእርስዋ እጅ ይያዝ። በተራው ደግሞ ባልየው ቤት ውሎ እርስዋ ከልጆችዋ ጋራ ብትወጣ ነውር የለበትም። አገልግሉን የምታሰናዳ እመቤት የወንዙን ነፋስ ልትነፈግ አይገባትም።

የሆነ ሆኖ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው። ወንዙም እንደ ሰው የራሱ ሳምንትና የራሱ ወራት አለው። ሕዝቡ ነጭ ዓሣ እያለ የሚጠራው ወገን በጣና ሐይቅ ብቻ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት፤ አብዛኞቹም በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች ሽቅብ እየዋኙ፥ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያ ወራት በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይወስድም፤ የሚመጣውንም ዓመት አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዘንግ ሰቅሎ መቈየት ለአስተዋይ ሰው የተገባ ነው። ወንዙም በዚያን ጊዜ ደፍርሶና ሞልቶ አደገኛ ስለሚሆን የሚቀርበት ጥቅም የለም። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር፥ ውኃው ሲጠራ ጊዜው ይመለሳል።

ሁለተኛው የወንዝ ጭንቅ በበጋ ይመጣል። ውኃው ሲጎድል ዓሣው በየጥልቁ ኩሬ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ችኩል ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ ይበትናል። ብርብራ ያገራችን ዛፍ ነው፤ ለቡና ጥላ በመሆንም የታወቀ ደግ ዛፍ ነው። ፍሬው ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ይህም መርዝ የዓሣውን መተንፈስ ያውካል፤ ዓሣውም ተልፈስፍሶ ይንሳፈፋል። ሰውዬው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፤ ጫጩቱ፣ የዓሣው ምግብ የሆነው የውኃ ትልና ነፍሳት ሁሉ ግን በዚያው ያልቃል። በአንድ ሰዓት የተራቈተ ኩሬ በሚቀጥለው ሳምንት ለማንም አይሆንም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እንዲህ ያለውን ጥፋት ለማገድና ማጥመድን በሥርዓት ለማድረግ ነው። ስለዚህ አጥማጁ አስቀድሞ ወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ሥርዓቱን ያውቃል፤ ከጥፋትም ይድናል።

ጊዜ ያጠረው ሰው የሚፈተነው በዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ አለኝና ባዶ እጄን አልመለስም የሚል ሰው ወደ ጠባብ መረብና ወደ ብርብራ ይሳባል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወጣ ሰው ግን በማክሰኞ ባያገኝ ሐሙስ አለው፤ ሐሙስም ባይቀናው ዓርብ አለው። ስለዚህ አጫጭር ጉዞዎች መብዛታቸው ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል። ደንቡም ቀላል ነው፤ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ወስዶ ማቆም፥ ትንሹንና ዕንቁላል የተሸከመውን በርጥብ እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው መመለስ ነው።

የተገኘው ዓሣ በወንዙ ዳር ወዲያው ሆዱ ተከፍቶ ይጽዳ። ነጭ ዓሣ ደቃቅ አጥንት የሚበዛው ስለ ሆነ በሁለቱም ጎኑ ቀረብ ቀረብ አድርጎ በቢላዋ መተልተል፥ ከዚያም ጨውና በርበሬ አሽቶ በፈላ ዘይት መጥበስ ያሻል። ለሕፃናት ግን ሥጋው በጣት እየተፈተሸ ይሰጥ። አምባዛ አጥንቱ ጥቂት ስለ ሆነ ለወጥ ይመቻል። ማገዶ ለማግኘት የወንዙን ዳር ዛፍ ከመቍረጥ ከቤት ጥቂት ከሰል ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ቈሻሻውም ሁሉ ተሰብስቦ ይመለስ።

ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት የሚከተለውን ማሰብ ይገባል። በዚህ አገር ቆላማ ስፍራ የወባ ትንኝ ስላለች ያለ አጎበር ማደር አይገባም። በዝግታ የሚሄደው ውኃም ብልሃርዚያ ስለሚያስተላልፍ ልጆች ገብተው እንዳይዋኙ፥ አዋቂውም በባዶ እግሩ እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ድንኳን በወንዙ አሸዋ ላይ አይተከል፤ ሰማዩ በላያችን ጠርቶ ሳለ በደጋው የዘነበ ዝናም ሌሊት በድንገት ደራሽ ውኃ ያመጣልና። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ደግሞ አዞና ጉማሬ መኖሩን አይርሳ። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ጠይቆ ባለቤቱን ማስፈቀድም የጨዋ ደንብ ነው። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው ብሎ የሚቀበለው ገበሬ፥ ሳይጠየቅ በማሳው ዳር እሳት ሲነድ ቢያይ መጠርጠሩ አይፈረድበትም።

ሌላውም ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዱም ሌሊቱም እንደ ቀድሞው አልሆነም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ፍኖተ ሰላም ራሷ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ሆናለች። ስለዚህ ጸጥታው ባልተረጋገጠበት ሳምንት አዳሩ ይቅር፤ የማታውና የንጋቱም ጉዞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ አይደረግ። እንዲህ ባለው ጊዜ ድንኳኑን በግቢ ውስጥ ተክሎ፥ ልጆቹን ጋቢ አልብሶ፥ ከጀበናው አጠገብ አስቀምጦ ክር ማሰርና መንጠቆ መቋጠር ማስተማር ይቻላል። ይህን ሙያ በግቢው የተማረ ልጅ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ላህና ወደ ፈጣም ሲወርድ እንግዳ አይሆንም።

እንግዲህ ጊዜ የለኝም የሚል አንባቢ ሁሉ ሳምንቱን ይመርምር። አንድ ማታ፣ አንድ ንጋት፣ ሲመችም አንድ አዳር ከሥራው ሳይጎድል ይገኝለታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኰላ የተያዘ ዓሣም በረከት የለውም። የቅርጫቱ መሙላት በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ ወንዙ ዓሣ እንደ ያዘ መቈየቱ ግን ለልጆቻችን የምናወርሰው ሀብት ነውና፥ በእጃችን ሳለ እንጠብቀው።