ፊደላችንና አዲሱ ብራውዘር

አዲስ የብራውዘር እትም ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር የሚነገረን ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታክሎበታል። እኔ ግን የማሻሻያዎቹን ዝርዝር የማነብበው ከታች፣ ስለ ፊደላት ከተጻፈችው አንዲት መስመር ጀምሬ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ምክንያት አለኝ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ይሁንና ዊንዶውስ ኤክስፒ የፊደሉን ፎንት ይዞ ባለመምጣቱ፣ እኔ ጀማሪ መምህር በነበርኩበት ዘመን ተማሪዎቼ የአማርኛ ጽሑፍ ሲከፍቱ የሚጠብቃቸው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነበር። ፎንት እንዳይጫንባቸው ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ተቆልፈዋል። በገዛ ቋንቋ የተጻፈን ለማንበብ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ደጅ መጥናት!

እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ፋየርፎክስ 3.5 ሲወጣ በብዛት የተወራው ስለ ፍጥነቱና ቪዲዮን በራሱ ስለ ማሳየቱ ነበር። በዚያው እትም ግን ድረ ገጹ ራሱ ፎንቱን ለአንባቢው እንዲልክ የሚያስችል ማሻሻያ ተካትቶ ነበር። (ሳፋሪ በ2008 ቀድሞታል፤ እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ይጠቀምበት ነበር?) ፊደላችን ከላቲኑ እጅግ ስለሚበዛ ፎንቱም ይከብዳል፤ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው መጠበቅ ግድ ነበር። ቢሆንም አንባቢው ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ማንበብ ቻለ።

ሳጥኖቹ ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። መጪው እትም የአማርኛ ገጽ አሳጥሮ ላቅርብልህ ሲለኝ ግን አስቀድሜ የምፈትነው በአንድ ነገር ነው፦ በመግለጫው ላይ «አልተስማማም» የተባለውን ሰው «ተስማማ» ብሎ ያቀርብልኝ ይሆን?