ከቀለም በፊት

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። በጅቡቲ ከተማ በሆዳን ሰፈር ግን ግድግዳ አንደበትም እንዳለው የሚታወቀው፣ አሮጌው ወረቀት ተልጦ አዲስ ቀለም ሊቀባ በታሰበ ጊዜ ነው።

ሆዳን በባልባላ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በሶማሊኛ ሀብትንና ብልጽግናን ያመለክታል። የባልባላ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከችግር ነው። ጄኔራል ደ ጎል እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማዋን በጎበኙ ጊዜ ከተነሣው ሁከት በኋላ፣ የፈረንሳይ አስተዳደር ጅቡቲን በሽቦ አጥር ከበባት። መግባት ያልተፈቀደላቸውም ከአጥሩ ማዶ በቆርቆሮና በእንጨት ጎጆ ቀለሱ። ዛሬ የብሎኬት ቤት ቢበዛም በኮምፔንሳቶ የተከፈሉ ክፍሎች አልጠፉም። ስንጥቁ አቧራና የካምሲንን ነፋስ እንዳያስገባ ተከራዮች ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጥፉበታል። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ወረቀት በወረቀት ላይ ይደረባል።

ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት ቤቷን ለእንቁጣጣሽ ልታስቀባ ተነሣች። በወደቡ ዕቃ በመጫን የሚያድረው ባሏ «በላዩ ላይ ይቀባና ይለቅ» አለ። ቀለም ቀቢው፣ ሽበት የወረራቸው የድሬዳዋ ሰው፣ አልተስማሙም።

«እኅቴ፣ የቀለሙ ውሃ የታችኛውን ሙጫ ያላላዋል፤ ወረቀቱም ይነፋና በሳምንቱ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል» አሏት።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ወረቀቱ ሳሙና በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ይርሳል፤ ሙጫው እስኪለሰልስ ይጠበቃል፤ ከዚያም በስፓቱላ ይፋቃል። ውሃ ከበዛ ኮምፔንሳቶው ያብጣል፤ ካነሰም የጅቡቲ ሙቀት ሙጫው ሳይርስ ያደርቀዋል። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ አንድ አንድ ክንድ እየከፈሉ ይፍቁ ጀመር።

ከላይ በፈረንሳይኛ የሚታተመው ላ ናሲዮን ነበር። ከሥሩ የዐረብኛ ጋዜጣ፣ ቀጥሎም የሲሚንቶ ከረጢት ወጣ። በአራተኛው ድርብ ግን የግእዝ ፊደል ብቅ አለ። አማርኛ ነበር።

የእናቲቱ እጅ ባለበት ቆመ። ደሴ ውስጥ ያደገችበት የጭቃ ቤት ግድግዳው በሙሉ በአዲስ ዘመን የተሸፈነ ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ያ ጋዜጣ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ከተነበበ በኋላ ሌላ ዕድሜ ነበረው፤ አቧራ ይከለክላል፣ ብርድ ይመልሳል፣ ለልጅም መማሪያ ይሆናል። እርሷም ንባብ የለመደችው ከዚያ ግድግዳ ነው። ማንበብ የማይችሉት አባቷ አንዱን ገጽ ገልብጠው ለጥፈውት ስለነበር ቁልቁል ማንበብም ታውቅ ነበር።

በፈረንሳይኛ የምትማረው የዐሥር ዓመት ልጇ ቀረበች።

«እማዬ፣ ምን ይላል?»

ልጅቱ አማርኛ ትናገራለች፤ አታነብም። እናት ጽሑፉን ስታየው የአሮጌ ጎማ ሽያጭ የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ነገረቻት።

«ይኸው ብቻ?»

ማስታወቂያው በእርግጥ ከዚያ የሚያልፍ ቁም ነገር አልነበረውም። እናቲቱን የከነከናት ሌላ ነበር፤ ልጇ የእናቷን ቋንቋ ለመረዳት አስተርጓሚ ማስፈለጉ። ስንት ዓመት አፏን እንጂ ዓይኗን እንዳላስተማረች ያን ጊዜ ተገነዘበች።

«ጋሼ፣ ጥቂት ይታገሡኝ» አለችና የልጅቱን ጣት ይዛ «ጨ» ላይ አኖረችው። ከዚያ «ረ»፣ ከዚያ «ታ»። ልጅቱ ሦስቱን ገጣጥማ በራሷ አንድ ቃል እስክታነብ ፀሐይ ወጣች፤ የረሰውም ግድግዳ ደረቀ። ቀቢው ሌላ ሥራ ይጠብቃቸው ስለነበር ቀለሙን ከበዓሉ በኋላ ሊቀቡ ቀጥረው ሄዱ። ማታ ባል ተቆጣ፤ ተቆጥቶም እውነት ነበረው። ቀለም ተገዝቶ ተቀምጦ እንቁጣጣሽ በተላጠ ግድግዳ መካከል ዋለ።

እናት ገጹን ሳይቀደድ ልታወጣው ሞክራ ነበር፤ ዕድሜና ሙጫ የበሉት ወረቀት ግን በእጇ ላይ ፈረሰ። የቀረውን ፍቃ ጣለችው። ቀቢው ተመልሰው ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነውም ነጭ ሰማያዊ ቀቡት።

ከወር በኋላ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ዘመድ የፊደል ገበታ አደረሰላት። እናት ከልጅቱ አልጋ በላይ ሰቀለችው። ሙጫ አልነካችም፤ በሁለት ሚስማር ብቻ።