የልጆች ቤት ስናሠራ የተማርኩት

ሜሪላንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አገር ቤት ወላጅ ላጡና አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቤት የሚያሠራ ማኅበር አቋቁመናል። ለተመሳሳይ ሥራ የተነሡ ወገኖች ስላሉ፣ ከተሞክሮዬ የሚጠቅም የመሰለኝን ላካፍል።

ለሕንፃ ገንዘብ ማሰባሰብ አይከብድም። ለብሎኬት፣ ለቆርቆሮ፣ ለውኃ ጉድጓድ ሲባል ወገን እጁን ይዘረጋል፤ ሲያልቅም ሪባን ይቆረጣል። የሞግዚት ደመወዝ ግን በየወሩ የሚከፈል ነው፣ ምረቃ የለውም። በራሱ መገላበጥ የማይችል ልጅ ሌሊትም የሚያገላብጠው ሰው ካላገኘ ገላው ይቆስላል። ስለዚህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የሁለት ዓመት ደመወዝ ባንክ ይግባ እላለሁ። ከሕንፃ ሰው እንደሚቀድም ምሳሌ አለን፤ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው ሲመለሱ የተዘጋጀ ማሳደጊያ አልነበራቸውም፤ የወሰዷቸው ወደ ገዛ ቤታቸው ነው።

ልጁን ከመቀበል በፊት ዘመዱን መፈለግ ያስፈልጋል። አባት ሞቶ እናት አለች፣ ሁለቱም ሞተው አያት አሉ። አካል ጉዳት ያለበትን ልጇን ማሳደጊያ በር ላይ ትታ የምትሄድ እናት ጨካኝ ናት ብዬ አላምንም። ልጁ እያደገ ሲሄድ ይከብዳታል፤ ቀን ሥራ ስትውል የሚይዝላት የለም።

አንዳንዱ ልጅ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው፤ ለምሳሌ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ማሳደጊያ አያስፈልገውም። ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ ተብሎ እየተቃና ጀሶ ይታሰርለታል፤ ብዙ ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይበጣል፤ ከዚያ ለዓመታት ሲተኛ ልዩ ጫማ ያደርጋል። አዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። ከገጠር ለምትመጣ እናት የሚቸግራት የአውቶቡስ ገንዘብና የምታድርበት ቦታ ነው። ከክፍሎቻችን ሁለቱ ለእንዲህ ያሉ እናቶች ማረፊያ እንዲሆኑ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። መናገሻ ላይ በ1962 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የተሐድሶ ሥራ የጀመረው ቼሻየር የተባለው ድርጅትም ከጊዜ በኋላ ቤተሰብ ወዳለበት ሄዶ ማገልገልን ጨምሯል፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ ሄዶ ቢያየው እመኛለሁ።

ጨቅላ ሕፃናትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡካሬስት ውስጥ የተካሄደው ጥናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከማሳደጊያ ወጥተው ቤተሰብ ዘንድ የገቡ ልጆች በአእምሮ እድገትም በፍቅር ትስስርም የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ለጨቅላዎች አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈለግ፣ ቤተሰቡም ይደገፍ።

በኮንቴይነር ዊልቸር ለመላክ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ለትልቅ ሰው፣ ለሆስፒታል ልሙጥ ወለል የተሠራ ነው። ትንሽ ልጅ ሲቀመጥበት ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፣ ጀርባው ይጎብጣል፤ ጎማውም የእኛን ኮብልስቶንና ጭቃ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ወንበሩ ለተጠቃሚው ተለክቶ እንዲሰጥ ይላል። ለኪ ባለሙያና መለዋወጫ አገር ውስጥ ካለ፣ ገንዘቡን መላክ ይሻላል።

የልጆቹን ፊት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አናሳይም። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ከማኅበሩ ቦርድ ጋር የምንነጋገረው ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ስለሚሆነው ነው። ሠርቶ ማደር የሚችለው ሙያ ተምሮ ይወጣል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውስ? ሦስት አራት ሆነው ከአንድ ረዳት ጋር በሰፈር ውስጥ ተከራይተው ቢኖሩ የሚል ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ የቤት ኪራዩን ስሌት እየሠራን ነው።