አፍንጫዋን ወደ ነፋስ

ፊኒክስ፣ አሪዞና

ሰኔ 19
ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ የአስፋልቱ ሙቀት ግን የጫማ ሶል አልፎ ይሰማል። ከቀትር በኋላ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገባል ተብሏል። አብራሪዎቹ በእንዲህ ያለ ቀን የሚጨነቁት ስለ መነሳትና ስለ ማረፍ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ አውሮፕላኗ መሬት ላይ ቆማ የምታሳልፈው ጊዜ ነው። የሴስና 172 ሞተር እንደ መኪና ራዲያተርና ውኃ የለውም። ሲሊንደሮቹን የሚያቀዘቅዛቸው ከፊት የሚገባው አየርና ውስጥ ለውስጥ የሚዞረው ዘይት ነው። አየር ላይ ስትሆን ፍጥነቷ ራሱ አየሩን ይገፋላታል። መሬት ላይ ግን ያላት የፕሮፔለሩ ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም የአየር መግቢያዎቹ ባሉበት በመሀሉ በኩል ደካማ ነው፤ ምላጩ እዚያ ጋ የሚዞረው በዝግታ ነዋ።

ሰኔ 21
ከኋላ በስተቀኝ ያለው 3ኛው ሲሊንደር ይግላል ተብላ የመጣችውን አውሮፕላን ከፈትኳት። መጀመሪያ ያየሁት ሞተሩን ሳይሆን የሽፋኑን የውስጥ ገጽ ነው። በሞተሩ ዙሪያ የቆመው የአሉሚኒየም ግድግዳ፣ ባፍል የምንለው፣ ጫፉ ላይ የሲሊኮን ጎማ አለው። ጎማው ሽፋኑን ሲነካ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመሩ ሳይቋረጥ ከዞረ ደህና ነው። እዚህ ግን ከኋላ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ጠፍቷል፤ ጎማው ወደ ኋላ ተቀልብሶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። አየሩ ከላይ ታምቆ በሲሊንደሮቹ ፊኖች፣ ማለትም ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን ክንፎች፣ መካከል ወደ ታች መውረድ ሲገባው፣ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይሄዳል። አዲስ ጎማ ቆርጬ ወደ ፊት አዘንብሎ እንዲቆም አድርጌ በሪቬት መታሁት፤ እንዲህ ሲሆን የአየሩ ግፊት ራሱ ከሽፋኑ ጋር ያጣብቀዋል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሲሊንደር ሕይወቱ በዚህች ቁራጭ ጎማ ላይ መንጠልጠሉን ባለንብረቶቹ ሁሉ ቢያውቁት ምን ነበረበት!

ሰኔ 22
ከእኛ ጥቂት ራቅ ባለ ጋራዥ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ሞተሩን በከፍተኛ ኃይል ሲያስጮኹ አየሁ። ዘይት የሚያፈስበትን ለማየት ነው፤ ደግሞም «ክፍት ሲሆን ይቀዘቅዛል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሽፋኑ ሲነሣ አየሩን በፊኖቹ መካከል የሚያስገድደው ነገር ይጠፋል፤ ነፋሱ ከላይ ከላይ ያልፋል፣ የኋላ ሲሊንደሮቹም ይግላሉ። ፍሳሽ ለማየት በዝቅተኛ ዙር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ታድሶ የወጣ ሞተር ደግሞ መሬት ላይ ሲፈተሽ አየር የሚመራ ጊዜያዊ መከለያ የሚገጠምለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰኔ 26
እዚህ በረራ የሚማር አንድ የአገሬ ልጅ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ተራ ስጠብቅ ሚክስቸሩን ሙሉ ባደርገው አይሻልም? ነዳጁ ራሱ ያቀዘቅዛል ይባላል» አለኝ። ትርፍ ነዳጅ የሚያቀዘቅዘው በከፍተኛ ኃይል ጊዜ ነው አልኩት። በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ ቆሞ የነዳጁን ድብልቅ ሙሉ ማድረግ ካንዴላዎቹን ነዳጁ ውስጥ ባለው እርሳስ ከማቆሸሽ በቀር ጥቅም የለውም። ሲቆም ይቀንሰው፣ ሊነሳ ሲል ይመልሰው።

ከዚያ ይበልጥ እንዲይዝልኝ የፈለግሁት ሌላ ነው። ከመነሳት በፊት የማግኔቶ (የካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ሰጪ) ፍተሻ በ1,800 ዙር ይደረጋል፤ ያኔ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ አዙር፣ ፍተሻውን ሳታንዛዛ ጨርስና ዙሩን አውርድ። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ የሞተሩን ግለት መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሞተር አምራቹ ላይኮሚንግ ያስቀመጠው የሲሊንደር ራስ የሙቀት ወሰን 500 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ይህ ግን ማለፍ የሌለበት ጣሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። አምራቹ ራሱ ረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ ከ400 በታች ይመክራል። ገና ሳይነሳ ግሎ የቆመ ሞተር ሽቅብ ሲወጣ ምን ትርፍ ይኖረዋል? ሰልፉ ከረዘመ ለታወር ነግሮ ማጥፋት ነውር የለውም።

ሐምሌ 3
አዲስ አበባ የሚሠራ ጓደኛዬ ደውሎ፣ «እኛ ዘንድ ብርድ ነው፤ አንተ በሙቀት ትቸገራለህ» አለኝ። እሱም ቢሆን አይዘናጋ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ብርዱ ይረዳዋል፤ ነገር ግን በፊኖቹ መካከል የሚያልፈው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል።

ከጠፋ በኋላ ስላለው ነገርም አወራን። ሞተሩ ሲቆም ነፋሱም ይቆማል፤ ግለቱ ግን ሽቅብ ወጥቶ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎች ያሞቃቸዋል፣ ነዳጁም ይተንናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልነሳም የምትለው ለዚህ ነው። እኔ አውሮፕላኗን ወደ ነፋስ አቁሜ ከላይ ያለችውን የዘይት መሙያ በር እከፍታለሁ፤ እጅ ሲያስጠጉ ትኩሱ አየር እየተትጎለጎለ ሲወጣ ይሰማል። ከመነሳት በፊት እንዲዘጋት ለአብራሪው ሁለቴ እነግረዋለሁ።

ነገ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ የቀሩትን አውሮፕላኖች ሽፋን ከፍቼ ጥቁሩን መስመር አያለሁ።